የዶኛ ፕላሲዳ ሦስተኛ ልጅ

ሳንታ ክላራ የተባለው አውሎ ነፋስ የፖርቶ ሪኮን ተራሮች የመታ ዕለት ሴፈሪኖ ማልዶናዶ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ ነገር ግን በኡቱዋዶ በኩል ባለው ሰፈራችን፣ በኬብራዳ ኦንዳ፣ ያኔ ያልተወለደ ሰው እንኳ እንዳየ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ክሪሳንቶ ቬሌስ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሰማዩ የመዳብ ቀለም ነበረው። ወንዙ ገና ሳይሞላ የሴፈሪኖ እናት ኤውላሊያ ልጁን በእጁ እየጎተተች ወደ ፕላሲዳ ሲንትሮን ግቢ መጣች። ፕላሲዳ ቶርሜንቴራ ነበራት። ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው ብቻ መሬት ላይ የተደፋ የሣር መሸሸጊያ ነው፤ ነፋሱ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሰው ተጎንብሶ ይገባል፣ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፕላሲዳ ባሏን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም ነበር። የዘጠኝ ዓመቱን ኤርሚኒዮንና የአምስት ዓመቷን ዞራይዳን ወደ ውስጥ ካስገባች በኋላ ራሷ መግቢያው ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

«ልጁን ያዢልኝ፤ አባቴን አምጥቼ እመለሳለሁ» አለች ኤውላሊያ። አባቷ እግሩ አይሠራም፤ ወንዙ ዳር ባለችው ቤታቸው አልጋ ላይ ነበር።

«ነፋሱ ደረሰ እኮ አንቺ ሴት!»

«ታዲያ ለነፋስ ልተወው?»

ሄደች። ወንዙ ቤቱንም፣ ሽማግሌውንም፣ እሷንም ወሰደ። በሦስተኛው ቀን እኛ ወንዶቹ እስከ ታችኛው ድልድይ ወርደን ስንፈልግ ያገኘነው አንድ የአልጋ እግር ብቻ ነው።

ሴፈሪኖ ከዚያ ቀን አጥብቆ የሚያስታውሰው የነፋሱን ጩኸት አይደለም፤ የፕላሲዳን ክንድ ነው። ሦስቱን ልጆች ጎን ለጎን አስተኝታ ክንዷን በላያቸው ዘረጋች። እሱ ጫፍ ላይ ስለነበር መዳፏ ያረፈው በእሱ ትከሻ ላይ ነበር፤ ነፋሱ እስኪያልፍም አልለቀቀውም። «በነጋታው የጣቶቿ ምልክት ትከሻዬ ላይ ነበር» ይላል እስከ ዛሬ።

እርዳታ የሚያከፋፍሉት ሰዎች ከከተማ ሲመጡ አንዱ መዝገቡን ገልጦ ጠየቃት።

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«ሦስት።»

ጎረቤት ጣልቃ ገባ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት አልነበሩም እንዴ?»

«ባለፈው ሳምንት ነፋሱ አልመጣም ነበር» አለች ፕላሲዳ፣ የሦስት ልጆችዋንም ዱቄት ተቀበለች።

በእኛ ተራሮች ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው። የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ብርቅ አይደለም፤ ወረቀትም አይጠየቅበትም። ሰፈሩ ካወቀ በቂ ነው። በዓመቱ ግን አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ በጂፕ መጣች። ጨዋ ሴት ነበረች፤ የጉዲፈቻ ወረቀት ይዛ፣ ፕላሲዳ እንድትፈርምና ልጁ በስሟ እንዲመዘገብ ለመነቻት። ፕላሲዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በአጥሩ ዙሪያ የተሰበሰብነውን ሁሉ አየች።

«ወረቀት የሚያስፈልገው ገበያ ለተገዛ በቅሎ ነው። ይሄን ልጅ አልገዛሁትም።»

ሳቅን። እኔም ከሁሉ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሴትየዋ ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች። እኛም ንግግሩን ለብዙ ዓመት እንደ ጥሩ ነገር ስንደግመው ኖርን። የሠራነው ስሕተት የገባን ሁላችንም ካረጀን በኋላ ነው።

ሴፈሪኖ ጣሪያ ሠሪ ሆነ። ሌላ ምን ይሆናል? በአሥራ አራት ዓመቱ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የመታው በፕላሲዳ ቤት ላይ ነበር። የእሱን ሥራ ከሩቅ መለየት ይቻላል። ምስማሩን የሚመታው ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ ከሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ጣሪያውን ከጨረሰ በኋላም ከአራቱም ማዕዘን ወፍራም ሽቦ አውርዶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ግንድ ጋር ያስረዋል። ባለቤቶቹ ግቢያችንን አበላሸህ ብለው ይቆጡታል። እሱ ግን «ሽቦውን ካልወደዳችሁት ጣሪያውም አይኖርም፤ ሌላ ሰው ጥሩ» ይላል። ከዚያ ወዲህ የመጡት አውሎ ነፋሶች እሱ በሽቦ ካሰራቸው ጣሪያዎች አንዱንም አልነቀሉም። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል፤ አንዱ የኔ ነውና።

ኤርሚኒዮ ተምሮ ሳን ሁዋን ሄደ፤ የኢንሹራንስ ሰው ሆነ። ዞራይዳ አግብታ ሃርትፎርድ የምትባል ቀዝቃዛ ከተማ ገባች። መጥፎ ልጆች አልነበሩም። በገና ይመጣሉ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን ፓስቴል ይበላሉ፣ እናታቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። ሴፈሪኖ ከፕላሲዳ ቤት በላይ፣ አርባ ደረጃ በሚወጣበት ዳገት ላይ ቤት ሠርቶ ሚስቱን ሚነርቫን አገባ። በዚያ ቀረ።

ፕላሲዳ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ የሚያነሳትና የሚያዞራት ሰው ቀንም ሌሊትም ያስፈልጋታል። ወደ ሴፈሪኖ ቤት የሚወስደውን አርባ ደረጃ በሰው ጀርባ ካልሆነ አትወጣውም፤ ሚነርቫ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ናት። ስለዚህ ከተማ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ገባች። የጡረታዋ ገንዘብ ክፍያውን አይሸፍንም፤ የጎደለውን ሴፈሪኖ ዝም ብሎ ይሞላ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ከጣሪያ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ቀረፋ የገባበት የበቆሎ ገንፎ በቆርቆሮ ሳህን ይዞ ይሄዳል።

«ዛሬም ጓጉሏል» ትለዋለች።

«የመጦሪያውን ብይ እንግዲያው።»

«የነሱ ውሃ ነው። ያንተ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን አምጣ።»

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖሩ። ከዚያ ሴፈሪኖ ከአንድ መጋዘን ጣሪያ ላይ ወድቆ የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ፤ ለወራት መዶሻ ማንሳት አልቻለም። ክፍያውም ተቋረጠ። የመጦሪያው አስተዳዳሪ ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ ጠራችው።

«ዶን ሴፈሪኖ፣ ለአረጋውያን ቢሮ ማመልከት ግዴታዬ ስለሆነ አመልክቻለሁ። እርስዎ ግን አይጨነቁ፤ ነገሩ እርስዎን አይመለከትም። ክፍያውን እንዲሸፍኑ ሕጉ የሚጠራው ልጆቿን ነው። ከመዝገብ ቤት ሁለቱን አግኝተው ቀጥረዋቸዋል።»

ደግ ቃል የተናገረች መስሏት ነበር። እሱ በዚያ ቀን ደረጃዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ያ ሰው ከጣሪያ ሲወድቅ እንኳ ፊቱ እንዲህ አልነበረም።

«ዶን ክሪሳንቶ፣ ልጆቿን ነው የሚጠራው አለችኝ።»

«ሰማሁ።»

«ሁለት ናቸው አለች።»

ያን ቀን በአጥሩ ዙሪያ የሳቅነው ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። «ቀጠሮው መቼ ነው?» አልኩት። «ማክሰኞ፣ አሬሲቦ» አለ። «እሄዳለሁ፣ እርስዎም ይምጡልኝ።»

ነጭ የክት ሸሚዙን፣ ጓያቤራውን፣ ለብሶ፣ ጎኑን በፋሻ አስሮ፣ በሕዝብ ታክሲ አብረን ወረድን። የአረጋውያን ቢሮው ጠባብ ነበር። አደራዳሪዋ ወይዘሮ ናዛሪዮ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ፋይል ታገላብጣለች። ኤርሚኒዮ በከረባት ተቀምጧል። ዞራይዳ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ባለው ስልክ ከሃርትፎርድ ትሰማለች።

«አንተ ፊኖ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ ኤርሚኒዮ። ፊኖ የልጅነት ስሙ ነው።

«ፊኖ ነው?» አለ ስልኩ። «ፊኖ፣ እማማ ትበላለች?»

«ትበላለች፣ ዞራይዳ። እየተሳደበች ትበላለች።»

ወይዘሮ ናዛሪዮ ቀና አለች። «ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሴፈሪኖ ማልዶናዶ። የዶኛ ፕላሲዳ ልጅ።»

ዝርዝሩን አየች። ገልጣ ሌላም አየች። «እዚህ የሉም። ከሌሉ ሕጉ አይይዝዎትም። ሰዎች ከዚህ ዝርዝር ለመውጣት ጠበቃ ይዘው ነው የሚመጡት፤ እርስዎ በነጻ ወጥተዋል። ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።»

«ልወጣ አይደለም የመጣሁት ወይዘሮ። ልጻፍ ነው።»

ኤርሚኒዮ ሳቀ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «አዩ ወይዘሮ ናዛሪዮ? ዛሬ ልጅ ነኝ ብሎ ይጻፋል፣ ነገ ደግሞ የቤቱን ድርሻ ይጠይቃል። ጣሪያውን ስለመታህ ቤቱ ያንተ የሚሆን መሰለህ?»

ሴፈሪኖ ወደሱ አልዞረም። «ይህንንም ይጻፉት» አላት። «ከቤቱም፣ ከመሬቱም፣ ከማንኪያዋም አንድ ነገር አልጠይቅም። ዕዳው ላይ ብቻ ይጻፉኝ።»

ሴትየዋ መነጽሯን ከፀጉሯ አወረደች። «እስቲ የአስተዳዳሪዋን ደብዳቤ መጀመሪያ ላንብብ» አለችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንድ ቦታ ላይ ደረሰች፦ «ላለፉት ሁለት ዓመት ተኩል ከጡረታዋ በላይ ያለው ክፍያ የተሸፈነው በአንድ ጎረቤት ነው።»

«የምን ጎረቤት?» አለ ኤርሚኒዮ። «ጡረታዋ ይበቃታል ብላኝ እኮ ነበር።»

«ፊኖ» አለ ስልኩ ቀስ ብሎ፣ «አንተ ነህ?»

«ደብዳቤው ጎረቤት ነው ይላል፣ ዞራይዳ። እኔ ጎረቤት አይደለሁም።»

«ለምን አልነገርከንም?» አለ ኤርሚኒዮ። አሁን ድምፁ ወርዷል።

«እማዬ ናት። ራሳቸው እስኪጠይቁ እንዳትነግራቸው አለችኝ። እኔም ጠበቅኩ።»

ኤርሚኒዮ ከረባቱን ላላ አደረገና መስኮቱን ያይ ጀመር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን የሚገባበት ጉድጓድ ቢያገኝ ይገባ ነበር።

ወይዘሮ ናዛሪዮ ከመሳቢያዋ ሌላ ቅጽ አወጣች። ማንም ፈቃደኛ ሰው የድርሻውን ሊወስድ ይችላል አለች፤ ገንዘብ ባይኖረው በሥራ፣ በሰዓት፣ በእንክብካቤ ይታሰብለታል፤ ከፈረመ ግን እንደማንኛውም ልጅ ይገደዳል። ሞልታ አቀረበችለት። ሴፈሪኖ ብዕሩን አነሳ፣ አነበበ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄን አልፈርምም።»

«ምን ሆነ?»

«ዝምድና በሚለው ላይ ጎረቤት ብለው ጽፈዋል።»

«ዶን ሴፈሪኖ፣ ግዴታውን ይፈልጋሉ፣ ለአንድ ቃል ብለው ግን አይፈርሙም?»

«ግዴታው ከድሮም የኔ ነው፤ ሳልፈርምም እሠራዋለሁ። በጎረቤትነት ግን አልፈርምም። ጎረቤት አጥር አለው። እኔና እሷ መካከል አጥር ኖሮ አያውቅም።»

«ዝምድናውን የሚያሳይ ወረቀት ካመጡልኝ…»

እኔ ያን ጊዜ ተነሣሁ። ስለ ጂፑ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ በቅሎው ንግግር፣ ስለ ሳቃችንም ነገርኳት። «ወረቀቱን የመለስነው እኛ ነን ወይዘሮ» አልኳት። «እሷ በኩራቷ፣ እኛ በሳቃችን። ልጁን ግን ማንም አልጠየቀውም።»

ሴትየዋ ፋይሉን ዘጋች። «አረጋዊቷን ሳላናግር ስምምነቱን አልዘጋም። ሐሙስ ወደሷ እመጣለሁ።»

ሐሙስ ኤርሚኒዮም መጣ፤ ማንም ሳይጠራው። ፕላሲዳ መስኮቱ አጠገብ፣ ወንበሯ ላይ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ሄዷል እንጂ አእምሮዋ አልተነካም።

«ዶኛ ፕላሲዳ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለች ወይዘሮ ናዛሪዮ።

«ሦስት። አንዱ ሳን ሁዋን፣ አንዷ ብርድ አገር፣ አንዱ ደግሞ ይሄ ገንፎ ማብሰል የማይችለው።»

«መዝገቡ ሁለት ነው የሚለው።»

«እንግዲያው መዝገቡን ያሳደገው ሰው በደንብ አላሳደገውም።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሴፈሪኖን አየችው፣ እጇንም ዘረጋች። ቀረብ ሲል ትከሻውን ያዘችው።

«አንዲት ልጅ በጂፕ መጥታ ነበር» አለች። «እናትነቴን የተጠራጠረች መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ፊት ቀለድኩባት። አንተ ግን በሩ ላይ ቆመህ ነበር ፊኖ፣ አየሁህ። ስሜን ፈልገህ ነበር?»

«ፈልጌ ነበር፣ እማዬ።»

«እኔ ደግሞ ለኩራቴ ስል ከለከልኩህ።» ወደ ሴትየዋ ዞረች። «አሁን ጻፊው። የዘገየው በኔ ጥፋት ነው በይ።»

«ዶኛ፣ ሕጉ ልጅ በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት እንዳደርግ አይፈቅድልኝም።»

«ስንት ሣጥን አለ?»

«የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ሌላ።»

ኤርሚኒዮ ነበር የተናገረው። እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ሌላ የሚለው አጠገብ ባዶ መስመር የለም?»

«አለ፤ ማብራሪያ ይጻፍበታል።»

«ታዲያ ማብራሪያው ምን ያስቸግራል?»

ወይዘሮ ናዛሪዮ እሱን አየችው፣ ቅጹን አየችው፤ ሌላ በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገችና ከጎኑ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «ልጅ» ብላ ጻፈች። «ይህ የውርስ መብት አይሰጥዎትም» አለችው። «የሚሰጥዎት ግዴታውን ብቻ ነው። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል። ብዕሩን ይስጡኝ።»

ምስማር እንደሚመታ ሰው ረጋ ብሎ ፈረመ። ከሱ ቀጥሎ ምስክር ሆኜ እኔ ፈረምኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለዚያ ለአንድ ፊርማ ሲባል ብቻ ቢሆን እንኳ ድካሜ ዋጋ ነበረው። ኤርሚኒዮም ፈረመ፤ የዞራይዳ በፖስታ መጣ። ሁለቱ ወርሃዊ ክፍያውን ተካፈሉ። የሴፈሪኖ ድርሻ በሰዓት ተጻፈ፦ የየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ የማታ ምግቧ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የመጦሪያው ጣሪያ እድሳት። ያንኑ ሲሠራ የኖረውን ነው የፈረመበት፤ የተለየው ነገር ቢቀር የሚጠየቅ መሆኑ ነው። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ፕላሲዳ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። ኤርሚኒዮ ክፍያውን አንድም ወር አላጓደለም፤ መምጣቱ ግን እንደ ድሮው በገና ነበር፤ ሰው እንዲህ በአንድ ሐሙስ አይለወጥም። የሞተች ቀን በመጦሪያው መዝገብ «የተነገረው ለማን» በሚለው ላይ የመጀመሪያው ስም የሴፈሪኖ ነበር። ሬሳዋን ተሸክመው ከወጡት አራት ሰዎች ፊት የቀደመው እሱ ነው። ጎኑ ገና ያመው ነበር፤ ተካኝ ግን አላለም።

ቤቱ የኤርሚኒዮና የዞራይዳ ሆነ። ከቀብሩ በኋላ ኤርሚኒዮ ሦስተኛውን ድርሻ ልስጥህ ብሎ ለመነው። ሴፈሪኖ አልተቀበለም። «በጽሑፍ ተናግሬያለሁ፤ ደግሞ ያለኝ ይበቃኛል» አለው። ሆኖም የነፋስ ወራት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ መሰላል ይዞ እዚያ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ የላላውን ምስማር ይመታል፣ ሽቦውን ይወጥራል። ዘንድሮም ሲወጣ እኔ ታች በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየው ነበርና፣ የሕይወቱን ታሪክ እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኩት። «ከሕይወትህ ሁሉ የሚበልጥብህ ምንድን ነው? እሱን እጨምርበታለሁ» አልኩት። መዶሻውን ጭኑ ላይ አኑሮ ወንዙን አሻግሮ አየ፤ ከዚያ የተናገረውን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

«እናቴ ኤውላሊያ አባቷን ልታመጣ ስትሄድ ማንም አላስገደዳትም። ሽማግሌው ግን አልጋው ላይ ሆኖ የሚጠብቀው እሷን ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው አልጠበቀም። እኔ የፈለግኩት ያንን ነው ዶን ክሪሳንቶ። የእማዬ የፕላሲዳ ልጆች ቀርበው ይጠየቁ ሲባል ስሜ አብሮ እንዲጠራ። ተጠራሁ። ፈረምኩ። የፈረምኩትንም ሠራሁ። ቤቱ የማንም ይሁን፤ ጣሪያ መሥራት እኔ አውቃለሁ።»